በማዳበሪያው ውስጥ ያለው ማዳበሪያ

አበው ከሚያርሱት ሰፊ ማሳ ይልቅ የሚመኩት ከቤታቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓሮ ነበር፤ የምድጃው አመድ፣ የበረቱ ፍግና የጓዳው ልጣጭ ዕለት ዕለት ስለሚወድቅባት፣ የሩቁ እርሻ በድርቅ ሲገረጣ እርሷ ጎመኗንና ዱባዋን ሳትነፍግ ትከርም ነበርና። ይህን ጥበብ ማንም በሰሌዳ ጽፎ አላስተማራቸውም፤ ከመሬት የወጣው ወደ መሬት መመለሱ የፈጣሪ ሥርዓት መሆኑን በዓይናቸው አይተው የያዙት ነው እንጂ።

እኛ ልጆቻቸው ግን ይህን ሥርዓት ከደጃፋችን ላይ ቆርጠነዋል። በከሚሴ ከተማ ከአንድ መካከለኛ ቤት ማለዳ የሚወጣውን ጆንያ ፈትቶ ለተመለከተ ሰው የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ፣ የማንጎና የፓፓያ ቅርፊት፣ በእነዚህም መካከል አንድ የውኃ ጠርሙስና የተጠማዘዘ ፌስታል ይታዩታል። ጆንያውን በልማድ «ማዳበሪያ» ብለን እንጠራዋለን፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ማዳበሪያ ተጭኖበት ስለነበረ ነው። ዛሬ በውስጡ ካለውም ከግማሽ የሚበልጠው ተለይቶ ቢበሰብስ በእውነት ማዳበሪያ በሆነ ነበር፤ እኛ ግን ስሙን በከረጢቱ ላይ አስቀርተን ሀብቱን ወደ ገደል እንጥላለን።

እንግዲህ የምክሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ቆሻሻን ቆሻሻ የሚያደርገው መደባለቁ ነው። ልጣጩ ለብቻው የምድር ምግብ ነው፤ ጠርሙሱም ለብቻው ለሠራተኛ እጅ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ከረጢት ሲታጨቁ ግን አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል። የተደባለቀው ክምር አየር አጥቶ ሲበሰብስ እሳት የሚይዝ ጋዝ ያፈልቃል፤ ሲቆለልም ተራራ ይሆናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ነፍሳትን የቀጠፈበት መከራ፣ የየቤቱ ጆንያ ሲጠራቀም ምን እንደሚሆን ያሳየ መሪር ተግሣጽ ነው።

በእኛም አካባቢ የተጣለው በተጣለበት አይቀርም። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወርዶ፣ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበትን የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይሄዳልና፣ የክረምት ጎርፍ ከየጎዳናው የሚጠርገው ፌስታል ማረፊያው የግጦሽ ሣር ነው። ላሚቱ ከሣሩ ጋር ትውጠዋለች፤ ሆዷ ሞልቶ ሳለ በረኃብ ትከሳለች፤ ስትታረድም ከጨጓራዋ እንደ ገመድ የተገመደ ፕላስቲክ ይወጣል። በግድየለሽነት የወረወርነው ነገር የጎረቤትን ጥሪት እስኪገድል ድረስ ከደረሰ፣ ነገሩ የጽዳት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የኅሊና ጉዳይ ሆኗል።

መድኃኒቱ ግን ቅርብ ነው። በጓሮ ጥላ ሥር አንድ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ከታች የተከታተፈ የማሽላ አገዳ፣ በላዩ ልጣጩንና ገረባውን፣ በዚያም ላይ ጥቂት ፍግና አፈር እያነባበሩ፣ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ እስኪርስ ውኃ ማርከፍከፍ ነው፤ ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ውሻና ዝንብ ስለሚጠሩ አይግቡ። በመካከሉ የተተከለው በትር ከሳምንት በኋላ ሲነቀል ትኩስ ከሆነ ሥራው ሰምሯል፤ ቀዝቅዞ ከደረቀ ውኃ ይጨመርለት፤ ቢሸትም ውኃ በዝቶበታልና ደረቅ ገለባ ጨምሮ ማገላበጥ ነው። በየወሩ እየተገላበጠ ሦስት አራት ወር ሲሞላው፣ ያ ልጣጭ ጠቁሮና ፈራርሶ፣ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ሽታ ይሸታል። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ገበሬዎች ዘንድ ባስጀመሩት ተመሳሳይ ሥራ፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው እጅግ የበለጠ፣ ከፋብሪካ ማዳበሪያም ጋር የሚተካከል ምርት ሰጥቷል።

ደረቁን ነገር በተመለከተም አገራችን ለትምህርቱ እንግዳ አይደለችም። ከጣሳ ኩራዝ፣ ከመኪና ጎማ ጫማ የሠራ ሕዝብ ያላት፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ ሆኖ ሲወጣ የኖረባት አገር ናት። ስለዚህ ጠርሙሱን፣ ጄሪካኑንና ቆርቆሮውን አድርቃችሁ ለቆራሌው አኑሩለት፤ እንጀራውን በላቡ የሚበላ ሰው ነውና በንቀት አትዩት። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 የቤቱ ኃላፊ ተመልሶ የሚያገለግለውን ከሚጣለው እንዲለይ ደንግጎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስስ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። ነገር ግን የሰኞው የባቲ፣ የእሑዱም የሰንበቴ ገበያተኛ ዘንቢሉን ከቤቱ ይዞ ካልወጣ፣ ሕግ ብቻውን ገበያ አይወጣለትም።

«ይህ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ከግዴታው ነፃ ነው አልልም፤ ዳሩ ግን የተደባለቀውን ክምር መልሶ የሚለይ ጋሪ የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ በከተማ ደረጃ ሲከመር ሸክም የሚሆነው ነገር በየቤቱ ሲካፈል የአንድ እጅ ሥራ ነው። በመስጊድ ጦሃራን የምታስተምሩ ሸሆች ከውዱእ በኋላ የሚረገጠውን ጎዳናም አስቡልን፤ መምህራንም ለተማሪዎቻችሁ አንድ ጉድጓድ አስቆፍሩ። እናንተም እናቶችና አባቶች፣ ነገ ማለዳ ማዳበሪያውን ከማሰራችሁ በፊት አንድ ሁለተኛ ዕቃ በአጠገቡ አኑሩና የመሬትን ድርሻ ለመሬት ለዩላት፤ አበው ያወረሱን ጓሮ ይህን ይጠብቃል።