ከዩብዶ ድንጋይ ጀምሪ

ልጄ፣ ጂኦሎጂ ከጨረስሽ በኋላ የማርስን ድንጋይ ማጥናት አምሮሻል አሉ። ደግ ነው። ብቻ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።

መጀመሪያ ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ሄደሽ ዩብዶ ግቢ። ሰዎች ፕላቲነም የሚያጥቡበት አገር ነው። እዚያ ዱናይት የሚሉት ድንጋይ አለ፤ ከላይ ሲያዩት ዝገት የመሰለ፣ በመዶሻ ሲፈነክቱት ውስጡ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር። አብዛኛው ኦሊቪን የሚባል ማዕድን ነው። የናሳዋ ተሽከርካሪ ፐርሲቪራንስ እ.ኤ.አ. በ2021 ማርስ ላይ ጄዜሮ በተባለው ጉድጓድ አርፋ ከመረመረቻቸው አለቶች አንዱም በኦሊቪን የበለጸገ ነው። ኦሊቪን ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው ካርቦኔት ይሆናል፤ ስለዚህ ካርቦኔቱ ደረቋ ማርስ ላይ ጥንት ውኃ እንደነበር ይመሰክራል። ዩብዶ ላይ ደግሞ ዝናብና ዘመን ማግኒዚየሙን አጥበው ሲሊካውን ያስቀሩት አለት አለ፤ በብርብር ወንዛችን ስም ቢርቢራይት ተብሎ በዓለም የጂኦሎጂ መዝገብ ገብቷል። የወለጋ ልጅ ግን ይህን ከመምህሩ ሲሰማው እምብዛም አላየሁም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

እንጀራሽንም አስቢ። በፕላኔት ጂኦሎጂ ብቻ ደመወዝ የሚከፍል እዚህ በቀላሉ አይገኝም። የከርሰ ምድር ውኃ ፍለጋ ሥራ ቢመጣልሽ አትናቂው፤ የሳተላይት ምስል ማንበብ እዚያም ይለመዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ለሕዝብ ስትናገሪ ኦነሲሞስ ነሲብን አስቢ። መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 ካሳተሙ በኋላ ነቀምቴ ተመልሰው ሲያስተምሩ ኖረዋል። አንቺም በእንግሊዝኛ ብቻ ያወቅሽውን በአፋን ኦሮሞ ካልነገርሽው እናትሽ እንኳ ሥራሽን አታውቀውም። ተማሪ ቤት ስትሄጂ ድንጋዩን ለልጆቹ አስጨብጪያቸው፤ ፎቶው ይቆይ። «ማርስ ላይ ሕይወት አለ ወይ?» የሚል አይጠፋም። እስካሁን አልተረጋገጠም በያቸው፤ ጭብጨባ ፈልገሽ አትጨምሪበት። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ፣ የጠየቀሽንም አታሳፍሪው።

ቡና ላይ ከደረስሽማ ሥራው ቀላል ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ስም ያወጣችለት ሩቅ ፕላኔት አቦል፣ ኮከቡም ቡና እንደሚባሉ ንገሪያቸው። ቶናው ሳይቀርብ ጥያቄው ይጎርፍልሻል።