ዕዳን ከፍሎ በተረፈው መኖር

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 የአንዲት መበለት ታሪክ ተጽፎ እናገኛለን። ባልዋ ከነቢያት ልጆች ወገን የሆነ፣ እግዚአብሔርንም የሚፈራ ሰው ነበረ። በሞተ ጊዜ ግን ለሚስቱና ለሁለት ልጆቹ ያቈየላቸው ርስት ዕዳ ሆነ። አበዳሪውም ገንዘቡን ቢያጣ ልጆቹን ባሮች አድርጎ ሊወስዳቸው መጣ። መበለቲቱ ወደ ነቢዩ ወደ ኤልሳዕ በጮኸች ጊዜ፣ ነቢዩ አስቀድሞ የጠየቃት በቤቷ ያለውን እንድትነግረው ነበረ። እርስዋም ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። ከጎረቤት ባዶ ማድጋዎችን እንድትዋስ፣ ከልጆቿ ጋር ደጅዋን ዘግታ ዘይቱን እንድትቀዳ አዘዛት። ማድጋዎቹ ሁሉ በሞሉ ጊዜም ዘይቱን ሸጣ አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት።

ከዚህ ታሪክ መጀመሪያ የምንረዳው፣ ዕዳ ሁሉ የስንፍና ወይም የክፋት ፍሬ አለመሆኑን ነው። ዕዳ የገባው እግዚአብሔርን በሚፈራ ሰው ቤት ነበረና። ደመወዙ ጥቂት፣ ቤተሰቡ ብዙ የሆነ ሰው፣ በሽታ ወይም ሞት ድንገት ቢመጣበት፣ የእህሉም ዋጋ ቢወደድበት ከመበደር በቀር ምን ያደርጋል? ስለዚህ ባለዕዳውን በአደባባይ ማሳፈር ለክርስቲያን አይገባም።

ነገር ግን ድኽነት ኀጢአት ባይሆንም፣ የሰውን ገንዘብ መርሳት ኀጢአት ነው። መዝሙረኛው በ36ኛው መዝሙር ተበድሮ አለመክፈልን የኀጢአተኛ ምልክት አድርጎ ይቈጥረዋል። ሲራክም በምዕራፍ 29፣ ገንዘቡን እስኪያገኝ ድረስ የአበዳሪውን እጅ የሚስም፣ የመክፈያው ቀን በደረሰ ጊዜ ግን የዘመኑን ክፋት የሚያማርር ሰው እንዳለ ይነግረናል። እንግዲህ ዕዳ ያለበት ሰው ሊያውቀው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ በእጁ ያለው ገንዘብ ሁሉ የእርሱ አለመሆኑን ነው። የነቢዩ ትእዛዝ ሥርዓትም ይህን ያሳያል። በልቶ በተረፈው መክፈል ሳይሆን፣ ከፍሎ በተረፈው መኖር ነው።

1ኛ። በቤት ያለውን ስለ ማወቅ

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14፣ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሮናል። ግንቡ ሳይፈጸም እንዳይቀር ሒሳብ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ቤት እንዳይፈርስማ እንዴት አያስፈልግም? ስለዚህ ባልና ሚስት በአንድነት ተቀምጠው ለአንድ ወር ያህል የሚገባውንና የሚወጣውን በየቀኑ በደብተር ይጻፉ። አንዱ ከሌላው የሰወረው ዕዳ ካለ በዚያን ጊዜ ይገለጥ፤ የተሰወረ ዕዳ እንደ ተሰወረ ቍስል ውስጥ ውስጡን ይበላልና።

ወጪውም ከተጻፈ በኋላ በሦስት ይከፈል። የመጀመሪያው ለሕይወት የሚወጣው ነው፤ ይህም እህል፣ የቤት ኪራይ፣ መድኃኒትና የልጆች ትምህርት ነው። ሁለተኛው ለልማድ የሚወጣው ነው፤ ይህም መጠጥ፣ ሱስና ያለ ፍላጎት የሚደረግ ግዢ ነው። ሦስተኛው ለሰው ዓይን የሚወጣው ነው፤ ይህም ከዐቅም በላይ የሆነ ድግስና ልብስ ነው። መቍረጥ የሚገባው ከሦስተኛው ጀምሮ ወደ መጀመሪያው ነው። ብዙ ቤት ግን ተገላቢጦሹን ሲያደርግ እናያለን፤ የልጅ ወተት ይቈረጣል፣ የአባት መጠጥ ግን አይቈረጥም፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ይዘገያል፣ የድግሱ ቀን ግን አይዘገይም።

ለሕይወት በሚወጣውም ቢሆን ጥበብ ያስፈልጋል። እህል በታኅሣሥና በጥር አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ከክረምቱ ይልቅ ዋጋው መለስ ይላል። ለብቻው ኩንታል ለመግዛት ዐቅም የሌለው ከሁለትና ከሦስት ጎረቤት ጋር ገዝቶ ቢካፈል፣ በየቀኑ ከሱቅ በዱቤ በጣሳ ከመውሰድ ይድናል። የተረፈው እንጀራም ሳይሻግት ደርቆ ድርቆሽ ቢሆን የሌላ ቀን ምግብ ነው። ይህን የሚንቅ ሰው የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 6 ያስታውስ። እንጀራን ማብዛት የሚቻለው ጌታ ቍርስራሹን ሰብስቡ ብሎ ደቀ መዛሙርቱን አዝዞአል፤ እነርሱም 12 መሶብ ሞልተው አነሡ። ማብዛት የሚችለው እርሱ እንዲባክን ካልወደደ፣ ማብዛት የማንችል እኛ እንዴት እናባክናለን?

2ኛ። ዕዳው ሳይወልድ ስለ መክፈል

የቂሣርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በ14ኛው መዝሙር ላይ በሰጠው ትምህርት፣ ድኻው በአራጣ ከመበደሩ አስቀድሞ የቤቱን የናስ ዕቃና ልብሱን እንኳ ሸጦ ነጻነቱን እንዲጠብቅ መክሮአል። ይህንንም ያለው ወለድ ሳይታክት የሚወልድ መሆኑን አይቶ ነው። እኛም ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው።

አንድ ሰው 10,000 ብር በወር ከመቶ 10 አራጣ ተበደረ እንበል። በየወሩ 1,000 ብር ቢከፍል አራጣውን ብቻ ከፈለ። በዓመቱ 12,000 ብር አውጥቶ፣ 10,000 ብር ዕዳው እንደ ነበረ ይቈያል፤ በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ ነው። ነገር ግን ከቤቱ ወጪ 500 ብር ቀንሶ በየወሩ 1,500 ብር ቢከፍል፣ ዋናው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መጕደል ይጀምራል፤ ዋናው ሲጐድልም አራጣው ይቀንሳል፣ በ12ኛውም ወር ዕዳው ፈጽሞ ያልቃል። በዘለዓለም ባርነትና በአንድ ዓመት ነጻነት መካከል ያለው ልዩነት በወር 500 ብር ሆነ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ተረት በዚህ ይፈጸማል።

ብዙ ዕዳ ያለበትም ሰው ወለዱ የከበደውን አስቀድሞ ይክፈል፤ አንዱን ለመክፈል ከሌላው በአራጣ አይበደር። የእቁብ ዕጣ የወጣለትም ሰው ገንዘቡን ለድግስ ሳይሆን ለዕዳው ያውለው። መክፈል ያቃተውም ቀኑ ሳይደርስ ወደ አበዳሪው ሄዶ እውነቱን ይናገር፤ መንገድ እየለወጠ የሚሸሽ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ያጣልና።

አበዳሪዎች ሆይ፣ እናንተም ስሙ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በተዋዋዮች መካከል የሚደረገው የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ደንግጎአል። ከላይ የጠቀስነው አራጣ ግን በዓመት ከመቶ 120 ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ያስቀጣል። ከሰው ሕግ ይልቅ ደግሞ የሚያስፈራ አለ፤ ብዙ መክሊት ተምሮ ሳለ ጥቂት ዲናር ያልማረውን የዚያን አገልጋይ ፍርድ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 አንብቡ።

3ኛ። ደጅን ስለ መዝጋት

መበለቲቱ ዘይቱን የቀዳችው ደጅዋን ዘግታ ነው። ይህም ከጎረቤት መለየትን አያሳይም፤ ማድጋውን የሰጧት ጎረቤቶቿ ናቸውና። የሚያስተምረን ለሰው ዓይን ሲሉ አለመኖርን ነው። ደጅን መዝጋት ማለት ሰው ምን ይለኛል የሚለው ሐሳብ ወደ ቤት እንዳይገባ መከልከል ነው። ከዕዳ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው በእግዚአብሔር ስም እየተጠራ፣ ነገር ግን ለሰው ዓይን ተብሎ የሚገባው ዕዳ ነው።

ሙታንን ማሰብ ቅዱስ ሥርዓት ነው፤ በ40፣ በ80 እና በዓመት የሚደረገውን ጸሎት ማንም አይንቀፍ። ሙታንን የሚጠቅማቸው ግን ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ምጽዋቱ ነው። መበለቲቱ በሬ በብድር ገዝታ አርዳ መንደሩን ካበላች በኋላ፣ ልጇ ትምህርቱን ትቶ ለዕዳው ቢቀጠር፣ አበዳሪው ልጆቹን ሊወስድ መጣ ከሚለው ታሪክ በምን ይለያል? በሟቹ ስም የሟቹን ልጅ መሸጥ አይሆንምን? ሰርግም እንዲሁ ነው። የጋብቻን ክብር የሚያስገኘው ቅዱስ ቍርባን እንጂ የዳሱ ስፋት አይደለም።

ካህናት አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ በዚህ ነገር ቃሉ ያለው በእናንተ ዘንድ ነው። ድኻው ድግሱን ለማሳነስ ቢወድ የዘመዱን ሐሜት ይፈራል፤ የንስሓ አባቱ ግን፣ ልጄ ሆይ ጸሎቱ ይበቃል፣ ለነዳያን የሚሆን ጥቂት እንጀራ አቅርብ፣ ብድር አትግባ ቢለው ሐሜቱን ሁሉ ይንቃል። ይህን ቃል ለመናገር ከማዕዱ የሚቀርብን ነገር ቢኖር ይቅር። ነፍስን ከእስራት የመፍታት ሥልጣን የተሰጠን ሰዎች፣ ቤቶች በእኛ ዝምታ ሲታሰሩ ማየት አይገባንም።

ጾማችንም ለዚህ መንገድ ያዘጋጀናል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾም ሕዝብ በጥቂት መኖርን ያውቃል፤ ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም። የጐደለው፣ ከጾሙ የተረፈው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቁ ነው። በጾም ያተረፍነውን በፋሲካ ቀን እጥፍ አድርገን በዱቤ ካወጣነው፣ ሆዳችን ጾመ እንጂ ኪሳችን አልጾመም።

ሁለት ነገር ግን ዕዳ አለብኝ ብለን እንዳንቈርጥ እናሳስባለን። አንዱ የእድር መዋጮ ነው፤ የኀዘን ቀን ሲመጣ ከአዲስ ብድር የሚጠብቅ እርሱ ነውና። ሁለተኛውም ምጽዋት ነው። ባለዕዳ የሰውን ገንዘብ ወስዶ እንዲመጸውት አይታዘዝም፤ ከራሱ ጉርሻ የሚቀንሳት ግን አትናቅም፤ ጌታ በቤተ መቅደስ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲሞች ከባለጸጎች መባ አብልጦ ቈጥሮአልና።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፣ ነቢዩ ለመበለቲቱ ወርቅ ከሰማይ አላወረደላትም፤ በቤቷ የነበረውን ጥቂት ዘይት ባረከላት እንጂ። እኛም በቤታችን ያለውን ጥቂቱን አውቀን፣ ደጃችንን ዘግተን፣ አስቀድመን የሰውን ገንዘብ መልሰን በተረፈው በሰላም እንድንኖር፣ ልጆቻችንም የዕዳችን መያዣ እንዳይሆኑ፣ የመበለቲቱን ጩኸት የሰማ አምላክ ይርዳን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።