ከመንገድ የተረፈ ገንዘብ

የጥር ወር በአዊ ምድር የእንግዳ ወር ነው። ጥምቀት አልፎ የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲከበር ከአዘናና ከዳንግላ ወጥተው በባዕድ ሀገር የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። በዓሉ ሲያልፍ እንግዳውም ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን በኪሱ የቀረውን የውጭ ሀገር ገንዘብ ለእናቱ፣ ለሕፃናት ወይም ለሙዳየ ምጽዋት ትቶ ይሄዳል። ይህ ትርፍራፊ ምን ይደረግ? ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ስጦታ ምን እንደ ሆነ እንድንመረምር ያስገድደናል።

በአዘና የምናውቃቸው አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ በ2010 ዓ.ም. ለዕረፍት በመጣች ጊዜ የተረፋትን አንድ መቶ ሺህ የሊባኖስ ሊራ «ለክፉ ቀን ይሁን» ብላ አስጨበጠቻቸው። ያን ጊዜ አንድ ዶላር በ1,507.5 ሊራ ይመነዘር ስለ ነበር ስጦታው 66 ዶላር ያህል፣ በእኛ ገንዘብም ወደ 1,800 ብር ግድም ነበር። እናት በጨርቅ ቋጥረው በሣጥን አኖሩት፤ ብዙ ችግር ቢያልፍባቸውም አልነኩትም።

በዚህ መካከል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ወደቀ። በየካቲት ወር 2023 እ.ኤ.አ. ይፋዊው ተመን ለአንድ ዶላር 15,000 ሊራ ሆነ፤ ከዚያም 89,500 ደረሰ። እናት የማዳበሪያ መግዣ ጎድሏቸው ሣጥኑን በከፈቱ ጊዜ ያ ሁሉ ገንዘብ ከአንድ ዶላር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። እርሱንም የሚመነዝርላቸው አላገኙም፤ በባንኮቻችን የምንዛሪ ሠሌዳ ላይ ሪያልና ድርሃም ይገኛሉ እንጂ የሊባኖስ ሊራ በተለምዶ የለም። እኛን የጠየቁን ግን ስለ ዋጋው አልነበረም። «ልጄ አታለለችኝን?» አሉን።

አላታለለቻቸውም። የሰጠችው በላቧ ያገኘችውን ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ የአንድ ሀገር ሕዝብና መንግሥት ቃል ኪዳን እንጂ በራሱ ሀብት አለመሆኑን ልጅም እናትም አላሰቡም። አባቶቻችን ያውቁት የነበረው ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የባዕድ ገንዘብ ነበር። ነገር ግን ራሱ ብር ስለ ነበረ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላም አንጥረኛው አቅልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ አደረገው። ወረቀት ግን ቃል ኪዳኑ ሲፈርስ ምንም አይተርፈውም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የራሳችን የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ እንደ ነበር ሁላችን እናስታውሳለን።

«ከምንም ይሻላል» የሚል ይኖራል። በሮማ ከተማ በትሬቪ ምንጭ መንገደኞች የሚጥሉት ሳንቲም ተሰብስቦ ለካሪታስ ይሰጣል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትም ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአየር መንገደኞች የተረፈ ሳንቲም ይሰበስባል። መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ሳንቲሙን የመለየቱንና የመመንዘሩን ድካም የሚሸከም አለ። ባንኮች በተለምዶ የውጭ ሀገር ሳንቲም ስለማይመነዝሩ በገጠር ቁምስና ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የተጣለ አንድ ዩሮ ለድኻ ዳቦ አይሆንም። በወንጌል የተመሰገነችው መበለት የጣለቻቸው ሁለት ሳንቲሞች ጥቂት ቢሆኑም ይሠሩ ነበር፤ የሰጠችውም ለራሷ የሚያስፈልጋትን ነው። እኛ ግን የማንፈልገውን በመጣል ሰጥተናል ብለን እንዳንታለል።

በመሆኑም እንግዳ ሆኖ የመጣ ሁሉ የሚመነዘረውን ኖት ራሱ በባንክ መንዝሮ በብር ይስጥ። በመንገድ ዳር ጥቂት ብር ጨምሮ የሚቀበል ቢገኝ እንኳ ሕግን መተላለፍ ነው፤ ሐሰተኛ ኖት የተሰጣት እናትም አቤት የምትልበት የላትም። በሀገራችን የማይመነዘረውን መልሶ ይዞ ይሂድና ዋጋውን ይላክ። ሳንቲሙን ወደዚያ ሀገር ለሚሄድ መንገደኛ ይስጥ፤ ለእርሱ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ይሆነዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ነገር እኛን ይወቅሰናል። በእነዚያ ዓመታት ያቺን ቤት ለመባረክ ደጋግመን ገብተናል፤ ቡናም ጠጥተናል። ልጃቸው ከባዕድ ሀገር እንደ መጣች እያወቅን «ምን ትታልዎት ሄደች? እንይልዎት» አላልንም። ብንጠይቅ ኖሮ ዋጋው ሳይወድቅ ልጃቸው መልሳ በወሰደችው ነበር። ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ እናንተ ቁጥርና የባዕድ ፊደል ታነባላችሁ፤ በየቤቱም ትገባላችሁ። በዘንድሮው በዓል ማግሥት ጎረቤት ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ፤ ያላቸውን ተመልከቱላቸው፤ ወደ ባንክም አብራችሁ ሂዱ። ይህ ከማንኛውም ሳንቲም የበለጠ ምጽዋት ነው።

እናት ሊራውን እስከ ዛሬ በሣጥናቸው እንዳኖሩት ነው። አሁን የሚያኖሩት ግን ልጃቸውን ለማስታወስ ነው።