አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው

ልጄ፣ ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ጠበላ ለሕክምና ሥራ መመደብህን ሰማሁ። እኔም በድሬሰርነት ጀምሬ ጡረታ እስክወጣ ብዙ አንገት ዳስሻለሁ። ልብና ሳንባውን ዩኒቨርሲቲ አስተምሮሃል፤ እኔ ስለ አንገት ብቻ ላውራህ።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል ሰው የመከራ መደራረብ ብቻ ይመስለዋል። ለእኛ ግን ተረቱ ቦታም ያሳያል። እንቅርት ከማንቁርት በታች፣ ከፊት ነው የሚያብጠው። ጆሮ ደግፍ ደግሞ ከጆሮ ሥር ተነሥቶ የመንጋጋውን ማዕዘን ይሸፍናል። እብጠቱ የት እንደሆነ ሳትለይ ምን እንደሆነ ለመናገር አትቸኩል።

አንገቷ ያበጠ እናት ስትመጣ ብርሃን ወዳለበት አስቀምጣትና ነጠላዋን እንድታወርድ ጠይቃት። ከኋላ ቆመህ እንደምትዳስሳት አስቀድመህ ንገራት፣ ያውም በወላይትኛ። ሳይነገረው አንገቱን ሲይዙት የማይደነግጥ ማን አለ? ከዚያ አንድ ጉንጭ ውሃ ስጣትና ስትውጠው አንገቷን እይ። እንቅርት ከሆነ እብጠቱ ከጉሮሮዋ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ምላሷን ስታወጣ ጭምር ሽቅብ የሚሄድ መሐል ላይ ያለ እብጠት ግን ሌላ ነው፤ አብሯት የተወለደ ውሃ ቋጣሪ ከረጢት ሊሆን ይችላል። የእንቅርቱን መጠን ለመገመት መለኪያው እጇ ላይ ነው፤ በግራም በቀኝም ያለው ክፍል ከራሷ አውራ ጣት ጫፍ አንጓ ከበለጠ እንቅርት ነው ይባላል። የአንተ አውራ ጣት ግን አይቆጠርም።

ጭንቅላቷን ወደ ጎን ስታዞር ከጆሮ ኋላ እስከ ደረት አጥንት የሚወርደውን ጅማት መሰል ጡንቻ ተከተል። አንገትን የፊትና የኋላ አድርጎ የሚከፍለው እሱ ነው። በግራ በኩል ከአንገት ሥር አጥንት (ክላቪክል) በላይ ጠንካራ ዕጢ ካገኘህ ሆዷንም መርምር፤ የጨጓራ ካንሰር አንዳንዴ እዚያ ይታያል። የአንገት ትርታን በአንድ ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ዳስስ፤ ሁለቱን ከተጫንክ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። አንድ ወጣት ከአንገቱ ጎን አብጦ መጣ። አያመውም፣ አይግልም፣ ዕጢዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ስለማያስለው ነቀርሳን፣ ማለትም ቲቢን፣ አላሰብኩም፤ ሁለት ጊዜ የቁስል ክኒን ሰጥቼ ሸኘሁት። በሦስተኛው ፈንድቶ መግል እየፈሰሰ መጣ። ነቀርሳ ነበር። መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ፤ ጠባሳው ግን አለ፣ ገበያ ላይ ባየሁት ቁጥር ዐይኔን እሰብራለሁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

አንገቷ ተቃጥሎ ወይም ተነቅሶ የመጣችን ሴት አትቆጣ። በሰሜኑ አገርም የአንገት ንቅሳት ለውበት ብቻ አልነበረም፣ እንቅርት ያስቀራል ተብሎም ይነቀስ ነበር። ቁጣ ያየች ሴት ተመልሳ አትመጣም፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አያገኝም።

ስለ ጨውም ጠይቃት። ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የተደነገገው ደንብ ቁጥር 204 ከወጣበት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ክዳን በሌለው ዕቃ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ አዮዲኑ ይጠፋል። ዳጣውም ወጡም ላይ ጨው መጨረሻ ላይ ጣል ይደረግ። ካሳቫ የሚበሉ ቤቶች ደግሞ በደንብ ዘፍዝፈውና አድርቀው ይፍጩት፤ አዮዲን በጎደለበት ቤት የካሳቫው መርዝ እንቅርትን ያባብሳል።

የታማሚው ድምፅ ከጎረነነ፣ ሲተኛ ትንፋሽ ካጠረው፣ እብጠቱ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ቀጠሮ አትስጥ፤ ወዲያውኑ ወደ ሶዶ ሆስፒታል ላክ። ሁልጊዜ ግን ከጠረጴዛህ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አይጥፋ።