የወጣትነት ልብስ ትዝታና የከንቱነት ጥያቄ

በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ በአሥመራ፣ በድሬዳዋ ወይም በደሴ ወጣት የነበረ ሰው ያንን ዘመን ሲያነሣ፣ ከትምህርቱና ከፖለቲካው እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ፣ የሚያነሣው ልብሱን ነው፤ ከጉልበት በታች እየሰፋ ወርዶ ጫማን የሚሸፍነው ቤልቦተም ሱሪ፣ ኮሌታው ረዘም ያለው ሸሚዝ፣ ተበጥሮ የቆመው አፍሮ ጠጉር፣ በሴቶቹም ዘንድ ከጉልበት በላይ የሚቀረው ሚኒ ቀሚስና ባለ ወፍራም ታኮ ጫማ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ በፈገግታ ይታወሳሉ። ይህ ትዝታ እንደ ቀላል ጨዋታ ተቆጥሮ የሚታለፍ ቢሆንም፣ ሃይማኖትና ፍልስፍና ከጥንት ጀምረው የሚከራከሩበትን አንድ ጥያቄ በውስጡ ይዟል፤ ይኸውም ያረጀውንና የተቀደደውን፣ ምናልባትም ዛሬ የት እንደወደቀ የማይታወቀውን ጨርቅ ከነቀለሙና ከነስፌቱ መውደድ ከንቱነት ነው ወይስ ሌላ ስም ይገባዋል የሚለው ነው። ከንቱነት ሲባል እዚህ ላይ ዋጋ ቢስነትን ብቻ ሳይሆን፣ የሚያልፈውን ነገር እንደማያልፍ አድርጎ ልብን በእርሱ ላይ የመጣል ዝንባሌን ያመለክታል።

የሃይማኖት መምህራን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት የመጀመሪያ መልስ የሚያጽናና አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በትንቢቱ ምዕራፍ 3 የጽዮንን ሴቶች ጌጥና ልብስ አንድ በአንድ እየቆጠረ እንደሚወሰድባቸው ይናገራል፤ ሐዋርያው ጴጥሮስም የሴቶች ውበት ከጠጉር ሥራና ከልብስ ሳይሆን ከውስጥ እንዲሆን ይመክራል። መጽሐፈ መክብብ ግን፣ ከንቱነትን ከሁሉም አብዝቶ የሰበከ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ፣ ነገሩን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋውም፤ በምዕራፍ 9 ሰው ዘወትር ነጭ እንዲለብስ ይጋብዛል፣ በምዕራፍ 11 ደግሞ ወጣቱ ፍርድ እንዳለ እያወቀ በወጣትነቱ እንዲደሰት ይፈቅዳል። የሚነቅፈው ሌላ ነገር ነው፤ በምዕራፍ 7 ያለፈው ዘመን ከአሁኑ ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅ ከጥበብ የመነጨ እንዳልሆነ ያስተምራል። ሰባኪው የነቀፈው ማወዳደርን እንጂ ማስታወስን አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማውገዝ የተለመደ ቢሆንም ከመጽሐፉ ሐሳብ የራቀ ነው። የራሱን ቤልቦተም በደስታ የሚያስታውስ ሰውና የዛሬውን ወጣት ሱሪ እያየ ዘመኑ ተበላሸ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ይሁን እንጂ፣ የሚሠራው ሥራ ግን ሁለት ነው።

ማስታወስ ለብቻው ሲታይ የት እንደሚያደርስ ለመረዳት፣ ልብስ በሃይማኖት ትምህርት ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 እንደተጻፈው አዳምና ሔዋን በመጀመሪያ የለበሱት ራሳቸው የሰፉትን የበለስ ቅጠል ሲሆን፣ ከገነት ከመውጣታቸው በፊት ግን እግዚአብሔር የቁርበት ልብስ አድርጎ አልብሷቸዋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከውድቀት በፊት የብርሃን ልብስ ለብሰው እንደነበር ስለሚነገር፣ በዚህ አተረጓጎም ልብስ ገና ከመጀመሪያው የትዝታ ዕቃ ነው፤ የታጣውን ክብር ያስታውሳል፣ ከታጣ በኋላም ማልበሱን ያልተወውን አልባሽ ያስታውሳል። በእስልምናም ሱረቱል አዕራፍ ልብስን ሀፍረትን የሚሸፍንና የሚያስጌጥ የአላህ ስጦታ አድርጎ ካወሳ በኋላ ነው የተቅዋን ልብስ፣ ማለትም አላህን የመፍራትንና ከክፉ የመጠበቅን ልብስ፣ ከሁሉ የሚያስበልጠው። ሁለቱም ሃይማኖቶች እንግዲህ ልብስን ከመናቃቸው በፊት እንደ ስጦታ ተቀብለውታል።

ስጦታነቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በሐና ታሪክ ነው። ሐና ለቤተ መቅደስ የሰጠችው ልጇ ሳሙኤል በሴሎ ሲያገለግል፣ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት እንደነበር መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 2 ይተርካል፤ ልጇን ሳታየው የቆየች እናት ያደገበትን ልክ በሐሳቧ ለክታ መሥራት ነበረባት ማለት ነው። በኢትዮጵያ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለዒድ ለልጅ የሚገዛው ልብስ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፍቶ የተገዛው፣ እጅጌው ሁለት ጊዜ የታጠፈው ኮት ወላጅ ለነገው ልጅ የለካው ልብስ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረትም ቀሚስ ዋጋ የሚያገኘው ከጨርቁ ሳይሆን ከሚለበስበት ቀንና ከሚታይበት ጉባኤ መሆኑን ያለ ብዙ ቃል ይናገራል፤ በዚህ ረገድ ከብዙ የፋሽን ፍልስፍና ይልቅ ይሻላል።

ወጣትነት ግን ይህን የአልባሽና የለባሽ ሥርዓት ይገለብጠዋል። ልጅ የተሰጠውን ይለብሳል፤ ወጣት ግን ጨርቁን ይዞ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ፣ ፊልም ላይ ያየውን ነግሮ ወይም ከመጽሔት የቀደደውን ሥዕል አሳይቶ፣ የሱሪው አፍ ምን ያህል ይስፋ በሚለው ላይ ከሰፊውም ከአባቱም ጋር ይከራከራል። ጀርመናዊው ፈላስፋና የማኅበረሰብ ተመራማሪ ጌዎርግ ዚመል በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ፋሽን በጻፈው ድርሰት፣ ፋሽን ሰው ሌላውን የመምሰልና ከሌላው የመለየት ተቃራኒ ፍላጎቶቹን በአንድ ጊዜ የሚያረካበት መንገድ እንደሆነ አስረድቷል፤ ከአባቱ ለመለየት ቤልቦተም ያሰፋው ወጣት በዚያው ሱሪ ጓደኞቹን ሁሉ መስሎ ይወጣ ነበርና፣ ትንታኔው ለፒያሳም ይሠራል። ስለዚህ የልጅነት ልብስ ትዝታ የመወደድ ትዝታ ሲሆን የወጣትነቱ ደግሞ የመታየት ትዝታ ነው፤ መታየት ማለትም በእኩያ ዓይን ሰው ሆኖ መቆጠር ነው። ትዕቢት የሚያድርበት ስፍራ ይኸው መሆኑ አይካድም፤ ሰው ግን ያለ ሌላው ዓይን ራሱን የማያውቅ ፍጡር ከሆነ፣ ለመታየት መፈለግን ሁሉ ትዕቢት ማለት ይከብዳል።

መታየት ያስከፍላል፤ ለዚህም መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነገር በቂ ማስረጃ ነው። በስድስት ኪሎ ግቢ የተዘጋጀውን የፋሽን ትርዒት የተቃወሙ ተማሪዎች፣ በድሃ አገር የምዕራባውያንን ልብስ ማሳየት የባህል ወረራ ነው በሚል ተሰልፈው፣ ሰልፉ ወደ ግርግር ተለወጠ፤ በትርዒቱ ታዳሚዎች ላይ እንቁላል ተወረወረ፣ ፖሊስ ጣልቃ ገብቶ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ሥር ነቀል ለውጥ የሚሻው ወጣትና ባህሌ ጠፋ የሚለው ሽማግሌ በሌላ በምንም ሳይስማሙ በሚኒ ቀሚስ ላይ መስማማታቸው የሚገርም ነው፤ ተቃዋሚው ወንድ ተማሪ ራሱ በአውሮፓ ስፌት ሱሪና ኮት ለብሶ ሳለ የአገር ባህል ሸክም በሴቷ ጉልበት ላይ መጫኑም የሚያስተዛዝብ ነው። ይሁን እንጂ የክርክሩ ፍሬ ነገር ባዶ አልነበረም፤ በብዙኃኑ ድህነት መካከል ጥቂቶች ምን ለብሰው ሊታዩ ይገባል የሚለው ጥያቄ ነቢዩ ኢሳይያስም ያነሣው ጥያቄ ነው።

ዛሬ ግን በዚያን ጊዜ እንቁላል የወረወረውም፣ የተወረወረበትም፣ በዳር ሆኖ ያየውም የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ በአንድ ዓይነት ፍቅር ያየዋል። በየቤቱ አልበም ውስጥ የቀሩ የቤተሰብ ፎቶዎችን የሰበሰበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው የፎቶግራፍ መጽሐፍ የተወደደው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ሚኒውና ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ፣ አፍሮውና ባርኔጣው ጎን ለጎን ሲታዩ ማንም ማንንም አይከስም። ትዝታ ክርክሩን ሳይፈታ ተከራካሪዎቹን አስታረቃቸው ማለት ነው። በክርስትና ትምህርት ዕርቅ ንስሐን፣ ማለትም ጥፋትን በስሙ ጠርቶ መናዘዝን፣ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ይህ የትዝታ ዕርቅ ሙሉ ዕርቅ ሊባል አይችልም፤ ከጠብ ግን ይሻላል።

ትዝታ የሚሰውረው ሌላም ነገር አለ። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን የዘመቻ ልብስ ለብሰው ወደ ገጠር ሲወጡ፣ ቤልቦተም የሚባል ነገር በወሬ እንኳ ያልደረሳቸው፣ ያቺኑ አንዲት ልብስ አጥበው እስክትደርቅ የሚጠብቁ እኩዮቻቸውን አግኝተዋል። «በእኛ ጊዜ እንዲህ ይለበስ ነበር» ሲባል ያ «እኛ» ጥቂት የከተማ ልጆችን እንጂ ትውልዱን እንደማይጨምር ተናጋሪው ሁልጊዜ አያስተውለውም።

እንግዲህ ልብስ ሊዋሽም ሊመሰክርም ይችላል፤ ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው የቁርኣኑ ሱረቱ ዩሱፍ ነው። በዚህ ምዕራፍ የነቢዩ ዩሱፍ ቀሚስ ሦስት ጊዜ ይነሣል፤ መጀመሪያ ወንድሞቹ የሐሰት ደም ቀብተው ተኩላ በላው ለማለት ለአባታቸው ለያዕቁብ ያመጡታል፤ ቀጥሎ ከኋላው መቀደዱ ዩሱፍ ልታስተው ከሞከረችው ሴት ይሸሽ እንደነበር አረጋግጦ ንጹሕነቱን ያስመሰክራል፤ በመጨረሻም በሐዘን ብዛት ዓይኑ በጠፋው በያዕቁብ ፊት ላይ ሲጣል ብርሃኑን ይመልስለታል። የወጣትነት ልብስ ትዝታ በሦስቱም መንገድ ሊሠራ ይችላል፤ ያለፈውን አስውቦ ያታልላል፣ ያለፈውን በትክክል ያስረዳል፣ የዛለውንም ልብ ያነቃል፤ የቱን እንደሚሠራ የሚወስነውም ትዝታውን የሚያነሣው ሰው ለእውነት ያለው ታማኝነት ነው።

ፈላስፎች ከዚህ ሁሉ የቀደመ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ልብሱን የሚያስታውሰው ሰው ልብሱን ከለበሰው ሰው ጋር አንድ ነውን? የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን «ፌዶን» በተባለው ድርሰቱ፣ ሶቅራጥስ ሊሞት በተቃረበበት ዕለት ቀቤስ የተባለ ወዳጁ ስለ ሸማኔ ያነሣውን መከራከሪያ ጽፏል፤ ሸማኔ በዕድሜው ብዙ ልብስ ሠርቶ እየለበሰ ይጨርሳል፣ ከሁሉም በላይ ይቆያል፣ የመጨረሻዋ ልብስ ግን ከእርሱ በኋላ ትቀራለች፤ ነፍስም ብዙ ሥጋ ብትጨርስ የመጨረሻው ሥጋ ላይ ልትጠፋ ትችላለች የሚል ነው። ሶቅራጥስ የነፍስን ዘላለማዊነት ለማስረዳት ረጅም መልስ ሰጥቷል፤ ለትዝታ ጉዳይ ግን የቀቤስ ሐሳብ ብቻውን ብዙ ያስተምራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከሌላው ዘመን ይልቅ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን አብዝተው እንደሚያስታውሱ አረጋግጠዋል፤ ይህም ማለት ሰው ካለፉት ልብሶቹ ሁሉ ራሱን እየሠራ በለበሳቸው ላይ ይዘገያል ማለት ነው። የወጣትነት ልብሱን የሚያስታውስ ሰው ከልብሱ በላይ መቆየቱን ያውቃል፤ አንዷ ግን ከእርሱ በላይ እንደምትቆይ አያስብም።

ያቺ የቀረችው ልብስ የማን ናት? የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ባለጸጋው ገበሬ በሰበከው ስብከት፣ በሣጥን ተቆልፎ የተቀመጠው ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት እንደሆነ አስተምሯል፤ በኢትዮጵያም የሟችን ልብስ ለነዳያን መስጠት የቆየ ልማድ ነው። በዚህ ፍርድ የወጣትነቱን ልብስ ለትዝታ ብሎ የሚያስቀምጥ ሰው በዳይ ይሆናል። ያዕቁብን የፈወሰው ቀሚስ ለመከላከያ ሊጠቀስ ቢችልም አያዋጣም፤ ያ ቀሚስ የሕያው ልጅ መልእክት ሆኖ ገና ከመንገድ የደረሰ እንጂ በሣጥን የኖረ አልነበረም። በደርግ ዘመን በእግራቸው በሱዳን በኩል የተሰደዱ ሰዎች ከአንድ ፎቶ በቀር ምንም ሳይዙ ወጥተው፣ ትዝታቸው ሣጥናቸው ከሞላው ሰዎች ያነሰ አለመሆኑም የባስልዮስን ቃል ያጠናክራል፤ ትዝታ ያለ ጨርቁ ይኖራል።

የባስልዮስ ፍርድ የማይደርስበት ልብስ ግን አለ። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ ከጅምላ መቃብር የወጡ ልብሶች ከአፅሞቹ ጋር ለእይታ ቀርበዋል፤ በግድግዳው ላይ ከተደረደሩት የሟቾች ፎቶዎችም ብዙዎቹ አፍሮ ያበጠሩ፣ ኮሌታቸው የሰፋ ወጣቶች ናቸው። ሌሎች እኩዮቻቸው በፈገግታ የሚያነሡት ፋሽን እዚያ ክስ ሆኖ ቀርቧል፤ ከኋላው እንደተቀደደው የዩሱፍ ቀሚስም የሚያገለግለው ለምስክርነት ነው። ምስክር የሆነ ልብስ ያስቀመጠው ሰው ንብረት ስላልሆነ፣ ለታረዘ ይሰጥ የሚለው ትእዛዝ አይመለከተውም።