ቸል ያለ ሰው በደለኛ ነውን?

ክፉ ያደረገ ሰው በደለኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ክፉ ሳይሠራ፥ ነገር ግን ሊያደርግ የሚገባውን ቸል ያለ ሰውስ በደለኛ ነውን? ይህን ጥያቄ መካኒሳ ባለው ቤቴ፥ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የነበሩ ስድስት ወርቃማ ዓሦች አመጡብኝ።

ዓሦቹን የገዛሁት ለልጅ ልጄ ነው። ውሃውን በየሳምንቱ በከፊል ለመለወጥ ቃል የገባሁትም እኔ ነበርሁ፤ ቃሌን ግን ረሳሁት። አንድ ቀን አንዱ ዓሣ ወደ ውሃው ፊት ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አየሁ። «ነገ አየዋለሁ» አልሁ። ነገም ሌላ ነገን ወለደ። በሳምንቱ አራቱ ሞቱ።

የእንስሳት ሐኪም የሆነ የቀድሞ ተማሪዬ የአንዱን ስንጥብ፥ ማለት የሚተነፍስበትን ብልት፥ በማይክሮስኮፕ መርምሮ አሜባ አገኘበት። እኔም «እንግዲያስ ገዳዩ ይህ ነው» ብዬ ቀለል አለኝ። እርሱ ግን እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፥ እንዲህ ያለው አሜባ በወንዝም በአፈርም አለ፤ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ እየበላ ማንንም ሳይነካ ይኖራል። ሣጥኑ ሲጣበብ፥ ዓሦቹ የሚጥሉት ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ሲያፈልቅ፥ ስንጥባቸው ይጐዳል። ያን ጊዜ አሜባው ይበረታባቸዋል።»

በታስማንያ ደሴት በባሕር ላይ በመረብ ታጥረው የሚረቡ የሳልሞን ዓሦች፥ እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስንጥብ አሜባ ይታመማሉ። ጠባቂዎቻቸው ለጥቂት ሰዓት ጨው በሌለው ውሃ ያቈዩአቸዋል፤ በሽታው ስለሚመለስም እጥበቱን ይደጋግማሉ። እንግዲህ ጥበቃ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

የወንዝ ዓሣ ውሃው ሲከፋበት ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። በመስተዋት የተዘጋበት ዓሣ ግን ከእጃችን በቀር ወንዝ የለውም። የፍጥረትን ማምለጫ የወሰደ ሰው ዕዳውንም አብሮ ወስዷል። «አላወቅሁም» ብል ስለ አሜባው እውነት ነው፤ ዓሣው ሲያቃትት ግን በዐይኔ አይቻለሁ። አለማወቅ ምክንያት የሚሆነው ለማየት እንቢ ላላለ ሰው ብቻ ነው።

ልጅቱ «አባባ፥ ማን ገደላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አሜባ» ማለት በቀለለኝ ነበር። «እኔ ቸል ብዬ ነው» አልኋት። ዝም ብላ ቈየችና ባልዲውን አመጣች። ከቧንቧ የቀዳነውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አሳደርነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ነገ ሕፃን፥ ተማሪ ወይም ሕመምተኛ ከእናንተ እጅ በቀር መሄጃ የሌለው ሆኖ ይሰጣችኋል። ሲያቃትት ባያችሁበት ቀን ተነሡ፤ ለነገ አትተዉት።