ያልጮኸው ውሻ

አርተር ኮናን ዶይል በ1892 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አንድ የሼርሎክ ሆምስ ታሪክ ውስጥ የእሽቅድምድም ፈረስ በሌሊት ከጋጣው ይሰወራል። በጋጣው ውሻ ነበረ፤ አልጮኸም። ሆምስ ነገሩን የሚፈታው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ ውሻው ዝም ያለው የመጣውን ሰው ስለሚያውቀው ነበር። እንግሊዛዊው ማርክ ሃደን በ2003 ላሳተመው ልብ ወለድ ርዕሱን የወሰደው ከዚሁ ታሪክ ነው። መጽሐፉን ባነሣሁ ቁጥር የሚከተለኝ ይህ የሚያውቁ ሰዎች ዝምታ ነው።

ክሪስቶፈር ቡን 15 ዓመቱ ነው፤ ስዊንደን በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ከአባቱ ጋር ይኖራል። ሒሳብ ይወዳል፤ የሚጽፈውን መጽሐፍ ምዕራፎች እንኳ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ በማይካፈሉ ቁጥሮች ብቻ ይቆጥራል፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ። ቢጫና ቡናማ ምግብ አይወድም። ሰው ሲነካው ይጨንቀዋል። አንድ ሌሊት የጎረቤታቸው ውሻ በአትክልት መንሽ ተወግቶ ሞቶ ያገኘዋል፤ ገዳዩንም ለማወቅ ደጅ ለደጅ መዞር ይጀምራል። አባቱ በሰው ጉዳይ አትግባ ብሎ ይከለክለዋል።

ሰፈር ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ክልከላ ያውቀዋል። ማን ከማን ጋር እንደተቀያየመ፣ የማን ሚስት ለምን ጥላ እንደሄደች ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ባለጉዳዩ ብቅ ሲል ግን ጨዋታው ወደ ዝናቡና ወደ ኑሮው ይዞራል። ይሉኝታ ብዙ ጊዜ ደግ ነው፤ ያለ እሱ አጥር ተጋርቶ መኖር ይከብዳል። ክሪስቶፈር ግን የሰው ፊት ማንበብ አይሆንለትም፤ እዚህ ላይ ዝም በል የሚለውን ምልክት አያይም። ስለዚህ ይጠይቃል። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አመንትተው እናቱ ከሟቹ ውሻ ባለቤት ባል ጋር ግንኙነት እንደነበራት ይነግሩታል።

ከዚያ ደብዳቤዎቹ ይመጣሉ። አባቱ የነጠቀውን፣ መጽሐፉን የሚጽፍበትን ደብተር ሲፈልግ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በሸሚዝ ካርቶን ተሸሽገው ያገኛቸዋል፤ ሁሉም በስሙ የተላኩ። እናትህ ልቧን ታማ ሆስፒታል ሞተች ተብሎ ነበር የተነገረው። የአንዱ ፖስታ ማኅተም ግን ሞተች ከተባለች ከ18 ወር በኋላ የተመታ ነው። አባቱን ከመጠርጠሩ በፊት፣ ምናልባት ለሌላ ክሪስቶፈር ከሌላ እናት የተላከ ይሆን ብሎ ያስባል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላዋል።

ውሸት ሲነገረን ብዙዎቻችን ረዳት አለን። የተናጋሪው ዓይን ይሸሻል፤ የአንድ ሰው ስም ሲነሣ አክስታችን ቡና ልታፈላ ትነሣለች፤ አልበሙ ውስጥ አንድ ፎቶ ተነቅሎ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። የቤተሰባችንን ምስጢር ከመስማታችን በፊት ጠርጥረነዋል፤ በተነገረን ቀን ልባችን ግማሹን ያውቅ ነበር። ክሪስቶፈር ከዚህ አንዱም የለውም። የቆመው በተነገረው ቃል ላይ ብቻ ነው፤ ያ ቃል ሐሰት ሲሆን የሚይዘው ነገር አልቀረለትም።

አባቱ ልጁን ታምሞ፣ አስመልሶት ያገኘዋል። ያጥበዋል፣ ልብሱን ይቀይርለታል፤ ከእንግዲህ እውነቱን ልንገርህ ብሎም ውሻውን የገደልኩት እኔ ነኝ ይለዋል። እውነት ያስታርቀን ይሆናል ብሎ ነበር። ልጁ ግን ያሰላል፤ ውሻውን የገደለ እኔንም ሊገድለኝ ይችላል። ሌሊቱን ጓሮ ተደብቆ ያድራል፤ በነጋታው፣ ከመንገዳቸው ጫፍ ሱቅ አልፎ ብቻውን ሄዶ የማያውቀው ልጅ ባቡር ተሳፍሮ ለንደን ወዳለችው እናቱ ይሄዳል። ይህን ስሌት የልጁ ጉድለት አድርገው የሚያነቡ አሉ። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ዓለሙን ሁሉ በአፉ የነገረው ሰው ለዓመታት ዋሽቶት ኖሯል።

ክሪስቶፈርን ብዙዎች ኦቲዝም ያለበት ልጅ አድርገው ያነቡታል፤ ሃደን ግን የኦቲዝም ባለሙያ አለመሆኑን ራሱ ተናግሯል። ከኦቲዝም ጋር ከሚኖሩ አንባቢዎችም ይህ ልጅ እኛን አይመስልም ያሉ አሉ፤ ሊደመጡ ይገባል፤ አንድ ክሪስቶፈር ስለ ሁሉም ሊመሰክር አይችልም።

በእኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ኖሯል። በብዙ ቤት ከጎረቤት የሚደበቀው ምስጢር ልጁ ራሱ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ፣ እርግማን ነው ተብሎ ስሙ የማይነሣ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ የታገሉት ከዚያ ዝምታ ጋር ነው። የእኔን ልጅ እዩት ማለት በዚያ ዘመን ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ፣ በየጓዳው ልጅ የደበቁ እናቶች ያውቁታል።

ልብ ወለዱ ሊያልቅ ሲል አባትየው የወጥ ቤት ሰዓት ቆጣሪ ይዞ ወደ ልጁ ይመጣል። 5 ደቂቃ ብቻ እንዲያናግረው ይለምነዋል። የፈለገውን ያህል ጊዜ ቢወስድም አመኔታህን መልሼ ማግኘት አለብኝ ይለዋል። ካነበብኳቸው የዕርቅ ትዕይንቶች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ልጁ መታቀፍ እንደማይወድ አባትየው ያውቃል፤ እንባ ቢያፈስም እንባው ለልጁ ብዙ አይነግረውም። ሰዓቱን ግን ልጁ ራሱ ሊፈትሸው ይችላል፤ 5 ደቂቃ የተባለው 5 ደቂቃ መሆኑን ያያል። ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ሃደን በልጁ አፍ አላስገባም። አባትየውም አልጠየቀውም።